ባዶ ዕቃ አይመለስም

ውድ ልጄ፣

ያን ቀን ስልኬ ላይ የወጣው ያንተ ስም ነበር። ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የልጅህን የትምህርት ቤት ቀሚስ እያጠብኩ ስለነበር እጄ አረፋ በአረፋ ነው። በቀሚሴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ አነሳሁና እንደ ሁልጊዜው «አቤት ጌታዬ» አልኩ። ድምፁ ግን ያንተ አልነበረም።

«የባለ ስልኩ ምኑ ነዎት?» አለ ሰውዬው።

«እናቱ ነኝ። አንተስ ማነህ?»

ከኋላው መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ከዚያ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ጎረቤት ይጥሩና ስልኩን ይስጡልኝ።»

ልጄ፣ ያን ጊዜ አወቅሁ። ጎረቤት ጥሩ የሚባለው ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ግን አልጠራሁም። ስልኩን ዘጋሁትና ቀሚሱን አለቀለቅኩት፣ ጨመቅኩት፣ ገመዱ ላይ ላሰጣው ወጣሁ። ሥራዬን እስክጨርስ ድረስ አንተ በሕይወት የምትቆይ መሰለኝ። ሦስት መቆንጠጫ አደረግሁ፤ አራተኛውን ሳነሳ ስልኩ እንደገና ጠራ። አሁንም ያንተ ስም ነው።

ይህን የምጽፍልህ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆመ እጅ ነው። ቀስ እያልኩ ስለምጽፍ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ሚስትህ «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ» ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ለእሷ ለመናገር የምፈራው ነገር አለ። ላንተ ግን መናገር አለብኝ።

የትራፊክ ፖሊሱ በኋላ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። መኪናህ ረጅሙ ዳገት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ሞተሯ ጠፋ። አንተም እንደ ደንቡ ወረድክ። ያቺን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይዘህ ከኋላ ልታስቀምጣት ስትሄድ የጭነት መኪና መታጠፊያውን ዞሮ ደረሰብህ። ምልክቷን ገና ከእጅህ አልለቀቅካትም ነበር። «መኪናዋን ግን አንድ ጭረት አልነካትም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው መሰለኝ ሁለት ጊዜ ደገመው።

የመኪናዋን ነገር እኔ ከማንም በፊት ፈርቼው ነበር። አዲስ ሆና ስትገዛት የሦስት ዓመት ዋስትና አላት ብለህ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ምንም አልቀረህም። ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ዳገት ላይ ጠፋችብህ። ሃያ ደቂቃ ቆማ፣ ደክሟት እንዳረፈች ሰው ተነሳች። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ደገመችህ። ስድስት ጊዜ ወደ ሻጮቹ ጋራዥ ወሰድካት፤ ስድስት ጊዜ «ብልሽት አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዘህ ተመለስክ። ደግሞ አጥበው ነው የሚሰጡህ። «እማዬ፣ ገላዋን ታጥባ መጣች፣ በሽታዋ ግን አብሯት ነው» እያልክ ትስቅ ነበር። እኔ አልስቅም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ስለፈራሁ ይሆን የደረሰው እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቧቸው ይተዋት ነበር። አንተ ግን የሚዛን መርማሪ ነህ። ከሱቅ ሱቅ እየዞርክ ሚዛን የምትፈትሽ ሰው በግምት አይናገርም። ለመኪናዋ ደብተር ያዝክላት፤ የጠፋችበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የሄደችውን ኪሎ ሜትር፣ ፀሐይ ይሁን ዝናብ፣ ሁሉንም ጻፍክ። መሥሪያ ቤት «ዶሴው» እያሉ የሚጠሩህ ለዚህ አይደል? ቀብርህ ላይ አለቃህ «ዶሴአችን ተዘጋ» ብሎ አለቀሰ። ሰው እንዲህ እያለቀሰ እንኳ የሚያስቅ ነገር እንደሚናገር ያን ቀን አየሁ።

ከቀብሩ በኋላ ምግብ ያልያዘ ጎረቤት አልመጣም። ዕቃቸውን አጥቤ፣ አንድ ነገር እያደረግሁበት ለየባለቤቱ መለስኩ። ታውቀኛለህ፣ ባዶ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም። ሌላው ቢቀር አንድ ሎሚ፣ ሁለት ቲማቲም ይገባበታል። አንዲት ሳህን ብቻ ቀረች፣ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ባለ ክዳን ሳህን። እሷን ለምን እንዳልመለስኩ እነግርሃለሁ።

መኪናዋ በሦስተኛው ሳምንት ከፖሊስ ግቢ ወጣች። ሚስትህ ራሷ ነድታ አመጣቻት። በመስኮት አየኋት። ዋስትናው ሊያልቅ አራት ሳምንት ነበረው።

«ይህቺን መኪና ልትነጃት ነው?» አልኳት።

«መኪናዋ አልገደለችውም እማዬ። የገደለው የጭነት መኪናው ነው።»

«ያቆመችው ማን ሆነና?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም ከዳገቱ ወዲያ ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚደርሰው እኔ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። ልጅቷን በእግሯ ላስኬዳት?»

እውነቷን ነው። ነርስ ናት፣ በሽተኛ ተሰልፎ ይጠብቃታል። እኔም ሌላ መላ አልነበረኝም። «እንግዲያው እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አልኳት።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ?»

«ልቀመጣ።»

በማግስቱ ጠዋት ከፊት ተቀመጥኩ፤ ማታም እንደዚያው። ቀኑን ክሊኒኩ በረንዳ ላይ እውላለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የዳገቱን መታጠፊያዎች በቃሌ ያዝኳቸው፣ ዘጠኝ ናቸው። ያንተ ሰባተኛው ነው። ወደ ሰባተኛው ስንቃረብ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ የቀኝ እጄ የበሩን መያዣ፣ የግራ እጄ ወንበሩን ጨምድዶ ይይዛል። ልጅህ ከኋላ ሆና «አያቴ፣ መኪናዋን በእጅሽ ነው እንዴ ገፍተሽ የምታወጫት?» ትለኛለች። አንተን ትመስላለች፣ ነገር አታልፍም። እኔም «ታዲያስ፣ እኔ ባልኖር ትወጣ መስሎሻል?» እላታለሁ። ምላሴ ይቀልዳል፣ እጄ ግን የበሩን መያዣ አይለቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ፀሐዩ ክፉ ነበር። ሚስትህ ለአንዲት ወላድ መድኃኒት ልታደርስ ስለነበር ቤት ሳንገባ መንደሩን ዞረን እንደገና ዳገቱን ወጣን። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሯ ዝም አለ። አይጮህ፣ አያንኳኳ፣ አያስል። እንደሚያንቀላፋ ሰው ዝም። መሪው ከበዳት፤ ሚስትህ በሁለት እጇ ታግላ ወደ ዳር አወጣቻትና ፍሬኑን ይዛ ቀረች። ፊቷን አየሁት። ለካ እሷም ስትፈራ ነበር፤ ለእኔ ብላ ደብቃኝ ነው።

ልጅቷን አውጥተን ከመንገዱ ራቅ ብለን ቦዩ ዳር ቆምን። መኪኖች እኛን ሲያዩ ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ልጅህ የቦርሳዋን ማንገቻ እያኘከች ቆየችና «አባዬም እንዲህ ነው የቆመው?» አለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርጄ ያዝኩላት። ምን ይባላል? ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሚስትህ ቁልፉን አዞረች። ተነሳች። ምንም እንዳልሆነች ሆና ተነሳች።

ቤት ስንደርስ «እሸጣታለሁ፣ ነገውኑ እሸጣታለሁ» አለች።

«ለማን?»

«ለፈለጋት።»

«ለየትኛዋ እናት ልጅ?» አልኳት። አልጮኽኩባትም። ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዋስትናው ሊያልቅ አሥራ አራት ቀን ቀርቶታል። ካለቀ በኋላ ያቺ መኪና የኛ ብቻ ናት፣ ማንም አይመለከታትም። ስለዚህ በሽታዋ ከዚያ በፊት በወረቀት መጻፍ ነበረበት።

አሁን የምነግርህን በደንብ ስማኝ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዡ ስንሄድ የነዳጁን ጌጅ አየሁት፤ መርፌው ወርዷል። እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ «ቤንዚን ቅጂላት እንጂ፣ ባዶዋን ሰው እጅ ትሰጫታለሽ?» ያልኳት። ማደያ ገብታ ሞላቻት።

የጋራዡ ኃላፊ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው በር ላይ የሚቀበል ሰው ነው። ሁለት ቀን አቆይቷት ጠራን።

«እናቴ፣ ኮምፒዩተሩ ምንም አላየም» አለኝ።

«እኔ አይቻለሁ። ከልጅ ልጄ ጋር ቦይ ዳር ቆሜ አይቻለሁ።»

«መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበርኩ።»

«ጥሩ ነው» አለና ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ሰጠን። ሰባተኛው «ብልሽት አልተገኘም»። ደግሞም አጥበዋታል፤ መስታወቷ ያብረቀርቃል።

ወደ በሩ ስንወጣ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ የሸበተ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከተለን። ልጄ፣ ይህ ሰው አንተንም ያውቅህ ነበር። «ልጅዎ ደብተሩን ያሳየኝ ነበር» አለኝ። «አምነው ነበር። እናንተንም አምናችኋለሁ። ግን እናቴ፣ ሐኪም ቤት ስትደርስ የሚሻላትን በሽተኛ ምን ብዬ ልከም? በዓይኔ ካላየሁ አልጽፍም፣ ቢያባርሩኝም አልችል። የምጠረጥረው ፓምፑን ነው። ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚውል ፓምፕ አለ። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ነዳኋት፣ ደህና ናት።»

አመስግኜው ሄድኩ። ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

እሑድ ዕለት ሰባተኛውን ወረቀት ካንተ ወረቀቶች ጋር ላስቀምጥ ማህደርህን ከፈትኩ። አንተ ወረቀት አትጥልም። እያንዳንዱ የጋራዥ ወረቀት ጀርባ ላይ የማደያ ደረሰኝ በመርፌ ተያይዟል። የመጀመሪያውን አየሁ፣ የጋራዡ ቀን ነው፣ ጠዋት። ሁለተኛውም የጋራዡ ቀን፣ ጠዋት። ስድስቱም። ስድስቱንም ጊዜ ሞልተህ ነው የሰጠሃቸው። ሰባተኛውን እኔ አስሞላሁ።

ልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ታስታውሳለህ? ከትምህርት ቤት መጥተህ የአንሶላ ክምር ላይ ትተኛ ነበር። ከወለሉ በታች የውሃ ታንከር ነበር፣ ፓምፑም ውስጡ ተነክሮ ይውላል። በበጋ ውሃ ሲያንስ ፓምፑ ይግልና ቀጥ ይላል። ሲበርድ ይነሳል። ቴክኒሻኑ በተጠራ ቁጥር መጀመሪያ ታንከሩን ያስሞላል፣ ያስነሳዋል፣ ፓምፑ እንደ ንብ ይሠራል። «ምንም የለውም፣ እናንተ ሴቶች ሥራ ጠልታችሁ ነው» ብሎ ይሄዳል። የእኛ ሥራ ኃላፊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ውሃው እኮ ጥላው ነው፤ ጥላ ሥር አስቀምጠኸው ሙቀት የለም ትላለህ?» ብላ ትሰድበው ነበር። የመኪናዋም ፓምፕ ነዳጁ ሲያንስ ነው የሚግለው፤ ለሃያ ስምንት ዓመት በየበጋው ያየሁትን ነገር ልጄ ሲሞት አላወቅሁትም።

ደረሰኞቹን እንደያዝኩ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ለአራተኛ ጊዜ ወደ ጋራዥ ስትሄድ እኔን ገበያ ልታደርሰኝ አብሬህ ነበርኩ። ማደያ ገባህ። «ጋራዥ ልትተዋት ነው፣ አሁን ምን ያስቸኩልሃል?» አልኩህ። አንተም ወደ እኔ ዞረህ «እማዬ፣ ባዶ ዕቃ ሰው እጅ አይሰጥም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አልክ። ሳቅን። ኮራሁብህ፣ ልጄ። ያሳደግሁት ልጅ እንዲህ ነው ብዬ ገበያ ድረስ ስኮራ ሄድኩ።

ደብተርህ ላይ ፀሐዩን ጻፍክ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍክ፣ የነፋሱን አቅጣጫ እንኳ ጽፈሃል። የነዳጁን መጠን አንድም ቦታ አልጻፍክም። ያልጻፍከው፣ ሞልቶ መስጠት ላንተ ነገር ስላልነበረ ነው። እጅ እንደ መታጠብ ነው። ያን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የልብስ ሰፊዋን ሳህን ያልመለስኩት ለዚህ ነው። ካወቅሁ በኋላ በውስጧ የማደርገውን ነገር ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ባዶዋንም ልሰጣት አልችልም፤ መደርደሪያ ላይ ሆና ታየኛለች።

ለሚስትህ ስለ ፓምፑ ነገርኳት፣ ስለ ደረሰኞቹ ግን አልነገርኳትም። «ነዳጅ እንዳትቀጂ» አልኳት፤ «የሆስፒታላችን ፓምፕ እንዲህ ይሆን ነበር» አልኳት። ልጅህን ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍል ጓደኛዋ አባት እንዲያደርሳት ለመንነው። እኛ ሁለታችን ብቻ እየነዳን መርፌው ሩብ እስኪደርስ ጠበቅን። ሦስት ቀን ደመና ሆነ። ሰው ለዝናብ እንደሚጸልይ እኔ ለፀሐይ ጸለይኩ። ዋስትናው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ፀሐዩ ወጣ። ሚስትህ ተረኛ ስለነበረች መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቁማ፣ እኔን አስገብታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ኃላፊው ሲያየኝ ደከመው። ነዳጇ ሲያንስ ነው የምትጠፋው አልኩት። «ነዳጅ ያለቀባት መኪና ሁሉ ትቆማለች እናቴ። ይኼ ብልሽት አይባልም።»

«ሩብ አላት። ሩብ ያለው ሰው አልቆበታል ይባላል?»

መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ «ልሞክራት» አለ። «ዳገቱን ወጥቼ ልመለስ። ካልጠፋች እኔው ራሴ ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ፣ ያልቅለታል።»

«እርስዎ ግን አይሄዱም» አለኝ ኃላፊው። «አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂ እኔ ነኝ።»

ገብቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። ቀበቶ ያሰረች አሮጊት ማን ይጎትታል?

ዳገቱን አንድ ጊዜ ወጣን፣ ምንም የለም። ወርደን ሁለተኛ ወጣን፣ ምንም የለም። መካኒኩ ሰዓቱን ያያል፤ ጋራዡ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አትጥፊ ስላት የኖርኳትን መኪና አሁን ጥፊ፣ ባክሽ ጥፊ እያልኩ እለምናት ጀመር። በልቤ ነው፣ አፌን አልከፈትኩም። እየለመንኩም እፈራለሁ። ፍርሃትና ልመና በአንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያቃጥል ልነግርህ አልችልም።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ የመጨረሻ» አልኩት።

«እናቴ…»

«ለልጄ ብለህ።»

መኪናዋን አዞረ። አራተኛውን መታጠፊያ አለፍን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን። ሰባተኛው ላይ፣ ያንተው ላይ፣ ሞተሯ ዝም አለ።

ያን ዝምታ ሰምተኸዋል፣ አንተም። መካኒኩ ቁልፉን አዞረ፣ አልተነሳችም። ዓይኑ ጌጁ ላይ ሄደ፤ መርፌው ሩብ ላይ ነው። «አየኋት» አለ ቀስ ብሎ። «አየኋት፣ እናቴ።» ከዚያ እጁን ወደ በሩ ሰደደ። ምልክት ሊያስቀምጥ ነው፣ እንደ ደንቡ።

በሁለት እጄ እጅጌውን ያዝኩት።

«ልቀቁኝ፣ ምልክት ላኑር። ከኋላ መኪና ይመጣል።»

«ስለሚመጣ ነው የያዝኩህ። በእኔ በኩል ውረድ።»

«አንድ ደቂቃ ነው…»

«በእኔ በኩል» አልኩት። ድምፄ የማን እንደነበረ አላውቅም።

ገና በሬን ከፍቼ አንድ እግሬን ሳወጣ የጭነት መኪና መታጠፊያውን ዞረ። ሹፌሩ መሪውን ሰብሮ ጎናችንን ታኮ አለፈ፤ ነፋሱ መኪናዋን አወዛወዛት። መካኒኩ ሊረግጥበት በነበረው አስፋልት ላይ ነው ያለፈው። ተከትሎኝ በእኔ በኩል እየዳኸ ወጣ። ቦዩ ዳር ስንደርስ ጣቴን ለመክፈት ቸገረኝ፤ መዳፌ ውስጥ የእጅጌው ቁልፍ ነበረ፣ ክር እንዳንጠለጠለ።

መካኒኩ ወደ አስፋልቱ ዞሮ አየ። «ልጅዎም እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ፊደሉ ተንጋዶ የኔን ይመስላል። «ሞተር በጉዞ ላይ ጠፋ፤ ነዳጅ ሩብ፤ የነዳጅ ፓምፕ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፣ ፈረመ፣ እኔንም አስፈረመኝ። ሃያ ደቂቃዋ ሲሞላ ተነሳች። ጋራዡ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። አነበበው፣ መነጽር ያደረገውን ሰውዬ አየ፣ የተቀደደውን እጅጌ አየ፣ ማኅተሙን አነሳና መታ።

ፓምፑን አውጥተው አዲስ አስገቡ። አሮጌውን መካኒኩ ሲያሳየኝ የእጅ መዳፍ የምታህል ነገር ናት። ውስጧ ጠቁሯል። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ ልጄ። ሻጮቹ ሌሎች እንደሷ ያሉ መኪኖችንም ጠርተን ፓምፑን እንቀይራለን ብለዋል። ይጥሩ አይጥሩ አላውቅም። ሚስትህ «የምትጽፊው ጋዜጣ ላይ ይውጣ፣ ሌላም ሰው ይወቅ» አለችኝ፤ ይህን ደብዳቤ ላንተ እየጻፍኩ ሌላ ሰውም እንደሚያነበው አውቃለሁ።

እስከዚህ ከጻፍኩ በኋላ ሁለት ቀን አቆምኩ። ከመኪናዋ ይልቅ ይህን ወረቀት ፈራሁት። ሚስትህ ካላነበበችው ጋዜጣ አይደርስም፤ ካነበበችው ደግሞ ባሏን ምን ዓይነት ምክር እንደገደለው ታውቃለች። ከዚህ ቤት እንድትወጣ፣ ልጅቷን ይዛ እንድትሄድ ፈራሁ። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላትና ጓሮ ወጣሁ። የሌለ ልብስ ገመድ ላይ ሳስተካክል ቆየሁ።

መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔም እኮ ሞልቻለሁ እማዬ» አለችኝ።

«እኔ ስላልኩሽ ነው።»

«ባትዪም እሞላ ነበር። እሱ ነው ያስለመደኝ።» ዓይኗን ጠረገችና «ያቺን ሳህን አምጪያት፣ አብረን እንመልሳት» አለች።

«ምን እናድርግባት?»

«ምንም።»

ሦስታችን ሄድን፤ ልጅህ ክዳኑን ይዛ። ልብስ ሰፊዋ ሳህኗን ተቀበለች፣ ውስጧን አየች፣ እኔን አየች። ሃያ ዓመት የምታውቀኝ ሴት ናት፤ ባዶ ዕቃ ከእጄ ተቀብላ አታውቅም። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «ባዶ ሳህን ነበር የቸገረኝ።» እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ልጄ፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ዛሬም መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ዘጠኙን መታጠፊያ ቤቴ ሆኜ እቆጥራለሁ። ሰባተኛው ላይ ሥራዬን አቆማለሁ። ሚስትህ ስትደርስ «ደርሰናል» ብላ ትደውልልኛለች፤ ስልኬ ላይ የሚወጣው የሷ ስም፣ የሚሰማውም የሷው ድምፅ እስኪሆን ድረስ አልቀመጥም። የመካኒኩን የእጅጌ ቁልፍ ሰፍቼለታለሁ። ደብተርህን ግን አልዘጋሁትም፤ በመጨረሻው መስመር «ነዳጅ፣ ሩብ» ብዬ የጎደለውን ሞላሁልህ። ያንተ ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነው፣ የኔ ተንጋዷል። ይቅር በለኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እናንተ ልጄን አታውቁትም። የሰው ዕቃ ባዶውን መልሶ የማያውቅ፣ በሐሰት ሚዛን ማንንም ያላለፈ፣ ምልክት ይዞ ለሌላው ሹፌር ሲጠነቀቅ የሞተ ሰው ነበር። የተበላሸ ነገር ለሚጠግነው ሰው ስታስረክቡ እንደሆነው አድርጋችሁ ስጡ፤ አታስተካክሉለት፣ አታሳምሩለት። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በየእምነታችሁ፣ ነፍሱን እንዲያሳርፍለት ጸልዩለት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ። የኔ ጸሎት ብቻውን እንዳይሄድ ነው።

«አቤት ጌታዬ» የምትልህ እናትህ